ርካሽ ላፕቶፕን ስለ ማሻሻል፤ የትኛው ወጪ ያዋጣል?

ላፕቶፕ ኮምፒዩተር ዛሬ ለኮሌጅ ተማሪ እንደ ደብተርና እንደ እርሳስ የማይታጣ መሣሪያ ሆኗል። የቤት ሥራው የሚጻፈው፣ መጽሐፉ የሚነበበው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ የሚዘጋጀው በእርሱ ነው። ነገር ግን አብዛኛው ተማሪ ሊገዛ የሚችለው ከሁሉ ዝቅ ያለውን ዐይነት ስለ ሆነ፣ መሣሪያው ከጥቂት ጊዜ በኋላ መዘግየት ይጀምራል፤ ባለቤቱም «ምን ብጨምርበት ይሻለዋል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ወደ ሱቅ ቢሄድ አንዱ ራም ጨምርበት ይለዋል፤ ሌላው ዲስኩን ቀይረው ይለዋል፤ ሦስተኛው ሸጠህ ሌላ ግዛ ይለዋል። ሦስቱም እንደ ሁኔታው እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ ተማሪው የትኛው ምክር ለእርሱ መሣሪያ እንደሚስማማ የሚለይበት መንገድ ሳይኖረው ገንዘቡን ማውጣቱ ነው።

ወጪውም ቀላል አይደለም። የኮምፒዩተር ዕቃ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው ከምንዛሪ ጋራ ይወጣል፤ ይወርዳል። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ከዚህም ሌላ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ከፍ ብሏል፤ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ትልልቅ የኮምፒዩተር ማእከሎች የፋብሪካዎቹን ምርት ተሻምተውታልና። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባልቸገረ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የተባለውን ተረት መፈጸም ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አንድ ቁም ነገር አለ። ይኸውም የማሻሻያ ወጪ የሚያዋጣው መሣሪያው ቆሞ በሚጠብቅበት ቦታ ላይ ሲውል ብቻ ነው። ይህን ቦታ ለማግኘት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም፤ ጥቂት ማስተዋልና የሩብ ሰዓት ምርመራ ይበቃል።

ሀ. ለምሳሌ የምንወስደው መሣሪያ

ስለ ርካሽ ላፕቶፕ በደፈናው መናገር ስለማይጠቅም አንድ የታወቀ ዐይነት ለምሳሌ እንወስዳለን። ይህም ኢንቴል የተባለው ኩባንያ በ2019 መጨረሻ ባወጣው፣ ሴሌሮን ኤን 4020 በሚባለው ፕሮሰሰር የሚሠራው ላፕቶፕ ነው። ልዩ ልዩ ኩባንያዎች ይህንኑ ፕሮሰሰር በየራሳቸው ስም በሚሸጧቸው ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ አግብተውታል። ፕሮሰሰሩ ሁለት ኮር አለው፤ መደበኛ ፍጥነቱ 1.1 ጊጋኸርዝ ሲሆን፣ ሥራ ሲበዛበት ለአጭር ጊዜ እስከ 2.8 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። እንደ አምራቹ መግለጫ ሊሠራበት የሚችለው ራም ከ8 ጊጋባይት አይበልጥም። እንግዲህ ይህ መሣሪያ 4 ጊጋባይት ራምና በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ነው ብለን እናስብ።

ከዚህ በታች የምንለው ግን ለዚህ ዐይነት ብቻ አይደለም። ከመሥሪያ ቤት ወጥተው በሁለተኛ እጅ ለሚሸጡት ላፕቶፖችም መንገዱ ያው ነው።

ለ. መሣሪያው የሚዘገየው ስለ ምንድን ነው?

የኮምፒዩተርን አሠራር ለመረዳት የእንጀራ ጋገራን ማሰብ ይበቃል። ፕሮሰሰሩ ምጣዱ ነው፤ ሥራው የሚበስለው በእርሱ ላይ ነው። ራሙ ከምጣዱ አጠገብ የተቀመጠው ቡሓቃ ነው፤ ለጊዜው የሚያስፈልገውን ሊጥ ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ግን ባዶውን ይቀራል። ዲስኩ ደግሞ ዱቄቱ ያለበት ጓዳ ነው፤ ብዙ ይይዛል፤ የያዘውንም ያቈያል፤ ነገር ግን ከምጣዱ ሩቅ ነው። ጋጋሪዋ ለያንዳንዱ እንጀራ ወደ ጓዳ የምትመላለስ ከሆነች ምጣዱን በሌላ የጋለ ምጣድ መለወጥ ሥራዋን አያፋጥንላትም። ምጣዱ ግሎ ይጠብቃል እንጂ እንጀራው ቶሎ አይወጣም።

የጓዳው ርቀት ምን ያህል እንደ ሆነ በቍጥር እንመልከት። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 90 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ዙር 11 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጃል። የሚፈለገው ነገር በአንባቢው ክንድ ሥር እስኪደርስ በአማካይ የዙሩን ግማሽ፣ ማለት 5.6 ሚሊሴኮንድ መጠበቅ ያስፈልጋል። ክንዱ ወደ ቦታው እስኪዘዋወር የሚፈጀውን ጊዜ ስንጨምርበት በጠቅላላው ወደ 15 ሚሊሴኮንድ ይጠጋል። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው ዐይነት ዲስክ ግን የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ በኤሌክትሪክ ብቻ ስለሚሠራ የተፈለገውን ነገር በ0.1 ሚሊሴኮንድ ገደማ ያቀርባል። ራም ደግሞ ከዚህም አንድ ሺሕ ጊዜ ያህል ይፈጥናል።

አንድ ፕሮግራም ሲከፈት በዲስኩ ላይ ተበታትነው ያሉ 3,000 ትንንሽ ክፍሎች ይነበባሉ ብንል፣ በሃርድ ዲስክ 3,000 ጊዜ 15 ሚሊሴኮንድ፣ ማለት 45 ሴኮንድ ይሆናል። በኤስ.ኤስ.ዲ. ግን 3,000 ጊዜ 0.1 ሚሊሴኮንድ ሲሆን ከግማሽ ሴኮንድ ያነሰ ነው።

ይህ ልዩነት እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት የሃርድ ዲስክን ታሪክ ማየት ይጠቅማል። አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ራማክ ከተባለው ኮምፒዩተር ጋራ ያወጣው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ነው። ይህ ዲስክ 50 ክብ ሳሕኖች ነበሩት፤ 5 ሚሊዮን ፊደል ያህል ይይዝ ነበር፤ በደቂቃ 1,200 ጊዜ ይዞር ነበር፤ አንድ ነገር ፈልጎ ለማግኘትም በአማካይ ከግማሽ ሴኮንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ፣ ማለት 600 ሚሊሴኮንድ ያህል ይፈጅበት ነበር። በዛሬው ርካሽ ላፕቶፕ ውስጥ ያለው የአንድ ቴራባይት ዲስክ ከዚያ 200,000 ጊዜ ያህል የበለጠ ይይዛል። የሚዞረው ግን 4.5 ጊዜ ብቻ ፈጥኖ ነው፤ የሚፈለገውን ነገር የሚያገኘውም 40 ጊዜ ያህል ብቻ ፈጥኖ ነው። ብረት የሚንቀሳቀስበት ነገር ሁሉ እንደ ኤሌክትሪክ ሊፈጥን ስለማይችል ጓዳው ሰፋ እንጂ አልቀረበም።

ሐ. የአምዳል ሕግ

ጂን አምዳል የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒዩተር ሊቅ በ1967 ያቀረበው ሐሳብ ለዚህ ጉዳይ መመሪያ ሊሆነን ይችላል። አምዳል ይናገር የነበረው ብዙ ፕሮሰሰሮችን በአንድነት ስለ ማሠራት ነው፤ ሕጉ ግን ለማናቸውም ማሻሻያ ያገለግላል። ባጭሩ፣ ከአንድ ሥራ አንዱ ክፍል ቢፋጠን ጠቅላላው ሥራ የሚያተርፈው ያ ክፍል ይፈጀው በነበረው ጊዜ መጠን ብቻ ነው።

ይህን በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ተማሪ ላፕቶፑን አብርቶ ጽሑፉን መጻፍ እስኪጀምር 100 ሴኮንድ ይጠብቃል እንበል። ከዚህ ውስጥ 75ቱ ሴኮንድ ዲስኩን መጠበቅ፣ 15ቱ የፕሮሰሰሩ ሥራ፣ የቀሩት 10 ሴኮንዶች ሌላ ልዩ ልዩ ነገር ናቸው እንበል። ፕሮሰሰሩ እጥፍ የሚፈጥን ቢሆን 15ቱ ሴኮንድ 7.5 ይሆናል፤ ጠቅላላው ጊዜ 92.5 ሴኮንድ ነው። ባለቤቱ ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል። ዲስኩ ግን 10 ጊዜ የሚፈጥን ቢሆን 75ቱ ሴኮንድ 7.5 ይሆንና ጠቅላላው ወደ 32.5 ይወርዳል። ይህ ማንም ሰው የሚያየው ለውጥ ነው።

አሁን ደግሞ ያው ተማሪ ከዚህ አልፎ፣ ከአዲሱ ዲስክ 5 ጊዜ የሚፈጥን በጣም ውድ ዲስክ ቢገዛስ? 7.5 የነበረው ሴኮንድ 1.5 ይሆናል፤ ጠቅላላውም 26.5 ነው። የመጀመሪያው ወጪ 67.5 ሴኮንድ አተረፈ፤ ሁለተኛው 6 ሴኮንድ ብቻ። እንግዲህ አንድ ማሻሻያ ትልቅ ጥቅም ሰጠ ማለት በዚያው መንገድ የሚከተለውም ይሰጣል ማለት አይደለም። የመጠበቂያው ቦታ ከተፈወሰ በኋላ ችግሩ ወደ ሌላ ቦታ ይዛወራልና።

መ. ከመግዛት በፊት መመርመር

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንዲሉ፣ ከሁሉ አስቀድሞ መሣሪያው የሚጠብቅበትን ቦታ መፈለግ ይገባል። በዊንዶውስ የሚሠራ ላፕቶፕ ሁሉ ታስክ ማኔጀር የሚባል የምርመራ ገጽ አለው። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ሲጫኑ ይከፈታል፤ ፐርፎርማንስ በሚለው ክፍል ውስጥ የፕሮሰሰሩ፣ የራሙና የዲስኩ ሁኔታ በመቶኛ ይታያል። ተማሪው ዘወትር የሚሠራውን ሥራ ሁሉ ከፍቶ፣ መሣሪያው ሲዘገይ ይህን ገጽ ሩብ ሰዓት ያህል ቢመለከት ከሦስት ነገሮች አንዱን ያገኛል።

የመጀመሪያው፣ ዲስኩ 100 በመቶ ደርሶ ሳለ ፕሮሰሰሩ ብዙም የማይሠራ ሲሆን ነው። ይህ ምጣዱ ግሎ ዱቄት የሚጠብቅበት ሁኔታ ነው፤ መድኃኒቱም ዲስክ መለወጥ ነው። ሁለተኛው፣ ራሙ ከ85 ወይም ከ90 በመቶ በላይ ሞልቶ በዚያው የሚቈይ ሲሆን ነው፤ መድኃኒቱ ራም መጨመር ነው። ሦስተኛው፣ ዲስኩና ራሙ ደኅና ሆነው ፕሮሰሰሩ ብቻ ለረጅም ጊዜ 100 በመቶ የሚሆንበት ነው። እንዲህ ባሉ ርካሽ ላፕቶፖች ፕሮሰሰሩ ከዋናው ሰሌዳ ጋራ የተበየደ ስለ ሆነ ሊለወጥ አይችልም። ስለዚህ ሦስተኛው ሁኔታ ከታየ በገንዘብ የሚገዛ ማሻሻያ የለም ማለት ነው፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ራሱ ትርፍ ነው።

የመጀመሪያውና ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አብረው ይታያሉ። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ ከራሙ ውስጥ ጥቂቱን ወደ ዲስኩ ያወጣል፤ ሲያስፈልግ ደግሞ ይመልሳል። ቡሓቃው ስለ ጠበበ ሊጡን ወደ ጓዳ ማመላለስ ማለት ነው። ዲስኩ የሚሽከረከር ዐይነት ሲሆን ይህ መመላለስ መሣሪያውን ፈጽሞ ያቆመዋል።

ከምርመራው ጋራ ያለ ወጪ ሊደረግ የሚችል አንድ ነገር አለ። በዚያው ገጽ ውስጥ ላፕቶፑ ሲበራ ሳይጠሩ የሚነሡት ፕሮግራሞች ተዘርዝረው ይገኛሉ። የማያስፈልጉትን እንዳይነሡ ማድረግ ገንዘብ አያስወጣም፤ አንዳንድ ጊዜም የተፈለገውን ጥቅም ያስገኛል።

ሠ. ዲስክን መለወጥ

ከላይ በተነገረው ምክንያት፣ ሃርድ ዲስክ ላለው ርካሽ ላፕቶፕ ከማሻሻያዎች ሁሉ የሚቀድመው ኤስ.ኤስ.ዲ. ማስገባት ነው። መጠኑን በሚመለከት 240 ወይም 256 ጊጋባይት ለተማሪ ሥራ ይበቃል። ፊልምና የቆየ ፎቶግራፍ በውጭ ዲስክ ሊቀመጥ ይችላልና፣ ለእነርሱ ሲባል ውድ የሆነውን ትልቅ ኤስ.ኤስ.ዲ. መግዛት አያስፈልግም።

ሲገዛ የመሰኪያውን ዐይነት ማረጋገጥ የግድ ነው። በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው የ2.5 ኢንች ዲስክ ሳታ በሚባለው መሰኪያ ይሠራል፤ በዚህ መሰኪያ አንድ ኤስ.ኤስ.ዲ. በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያህል ያነባል። አዳዲሶቹ ደግሞ ኤም ነጥብ 2 የሚባል ቀጭን መሰኪያ አላቸው። በላዩ 2280 ተብሎ የተጻፈበት ስፋቱ 22፣ ርዝመቱ 80 ሚሊሜትር ማለት ነው። ነገር ግን መልኩ አንድ ሆኖ በውስጡ ሁለት ዐይነት ስላለ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ አንዱ በሳታ፣ ሁለተኛው ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. በሚባለው መንገድ ይሠራል። አንዱን ብቻ የሚቀበል ላፕቶፕ ሌላውን ቢሰኩበት አያየውም። ኤን.ቪ.ኤም.ኢ. እጅግ ፈጣን ቢሆንም፣ በአምዳል ሕግ እንዳየነው ለጽሑፍና ለንባብ ሥራ ከሳታው የሚያስገኘው ብልጫ ጥቂት ነው። ላፕቶፑ ሁለቱንም የሚቀበልና ዋጋቸው እኩል ከሆነ ኤን.ቪ.ኤም.ኢ.ውን መውሰድ ነው፤ ዋጋው የሚበልጥ ከሆነ ግን ሳታው ይበቃል።

በአንዳንዶቹ እጅግ ርካሽ ላፕቶፖች ውስጥ ኢ.ኤም.ኤም.ሲ. የሚባል፣ 32 ወይም 64 ጊጋባይት የሚይዝ፣ ከሰሌዳው ጋራ የተበየደ ማስቀመጫ አለ። ይህ ሊወጣ አይችልም። ትርፍ መሰኪያ ከሌለው በስተቀር መሣሪያው የሚሻሻልበት መንገድ ዝግ ነው። አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛ ተማሪ ሻጩን በመጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው ይህንን ነው።

በገበያ ላይ በሐሰት የተሠሩ ዲስኮች መኖራቸውም የታወቀ ነው። ውስጣቸው ትንሽ ሆኖ ሳለ ለኮምፒዩተሩ ትልቅ መስለው ይታያሉ፤ ልካቸው ካለፈ በኋላ የሚጻፍባቸው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ አዲሱን ዲስክ ጽሑፍ ሳያኖሩበት በፊት እስከ አፉ በፋይል ሞልቶ መልሶ በማንበብ መፈተን ይገባል። ኤች ቱ ቴስት ደብልዩ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህንን ይሠራል። ሻጩ ለጥቂት ቀናት የመመለስ መብት ይሰጥ እንደ ሆነም አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ መጣል አይገባም። በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ መያዣ ተገዝቶለት የጽሑፍ ቅጂ ማስቀመጫ ሊሆን ይችላል። ይህ ከፍጥነት ሁሉ የበለጠ ጥቅም ነው። ሃርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ብዙ ጊዜ ይንቋቋል ወይም ይዘገያል፤ ኤስ.ኤስ.ዲ. ግን ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ሊሞት ይችላል። የአንድ ዓመት ድካም ያለበትን የመመረቂያ ጽሑፍ በአንድ ቦታ ብቻ የሚያስቀምጥ ተማሪ መሣሪያውን ምንም ቢያሻሽል ሥራው በአደጋ ላይ ነው።

ረ. ራምን መጨመር

በ4 ጊጋባይት ራም የሚሠራ ዊንዶውስ 11 ገና ምንም ፕሮግራም ሳይከፈት ከግማሽ በላይ የሆነውን ለራሱ ይወስዳል። እንዲህ ባሉ ላፕቶፖች የሥዕል ክፍሉም የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከዚያው ላይ ይቀነስለታል። የቀረው በድረ ገጽ ማንበቢያው ጥቂት ገጾች ቶሎ ይሞላል። ስለዚህ ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ፣ በተለይ ብዙ ገጽ ከፍቶ ለሚሠራ ተማሪ፣ ከዲስኩ ቀጥሎ የሚያዋጣ ማሻሻያ ነው። ከ8 ወደ 16 ማሳደግ ግን ለጽሑፍ ሥራ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ለምሳሌ በወሰድነው ፕሮሰሰር ላይ ደግሞ የአምራቹ ልክ 8 ጊጋባይት ስለ ሆነ ከዚያ በላይ መግዛት ገንዘብን ለማይታመን ነገር ማውጣት ነው።

እዚህም ላይ ሦስት ነገሮች መረጋገጥ አለባቸው። አንደኛ፣ ራሙ የሚወጣ መሆኑ። በታስክ ማኔጀር የራም ገጽ ላይ «ሶዲም» የሚል ከተጻፈ የሚሰካ ነው፤ «ሮው ኦፍ ቺፕስ» የሚል ከሆነ የተበየደ ነው። ሁለተኛ፣ ትውልዱ። ዲ.ዲ.አር. 3 በላፕቶፕ 204 እግሮች፣ ዲ.ዲ.አር. 4 260 እግሮች፣ ዲ.ዲ.አር. 5 ደግሞ 262 እግሮች አሉት፤ በመካከላቸው ያለው ቍርጥ በየራሱ ቦታ ስለ ሆነ አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም። በግድ ማስገባት ሰሌዳውን ይሰብራል። ሦስተኛ፣ የቀዳዳው ቍጥር። ቀዳዳው አንድ ብቻ ከሆነ ያለው 4 ጊጋባይት ወጥቶ በ8 ይተካል፤ ሁለት ከሆኑና አንዱ ባዶ ከሆነ ግን ሌላ 4 ብቻ መግዛት ይበቃል፤ ዋጋውም ይቀንሳል። ያገለገለ ራም መግዛት እንደ ያገለገለ ዲስክ አያስፈራም፤ ራም በመሥራት ብዛት የሚያልቅ ነገር አይደለምና።

ለሁለቱም የሚበቃ ገንዘብ የሌለው ተማሪ ዲስኩን ቢያስቀድም ይሻለዋል። ፈጣን ዲስክ የራምን ማነስ ጥቂት ይሸፍናል፤ ብዙ ራም ግን የዲስኩን ዝግታ መሣሪያው በሚነሣበት ጊዜ ሊሸፍን አይችልም።

ሰ. ባትሪና አቧራ

ፍጥነት ብቻ ማሻሻያ አይደለም። መብራት በሚጠፋበት ቦታ ለሚማር ሰው የባትሪው ዕድሜ ከፍጥነቱ ይበልጥበታል። ፓወር ሲ.ኤፍ.ጂ. በሚባለው የዊንዶውስ ትእዛዝ የባትሪ ዘገባ ማውጣት ይቻላል። በዘገባው ውስጥ ባትሪው ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ ሞልቶ የሚይዘው አቅም ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ለምሳሌ ሲሠራ 40,000፣ ዛሬ ደግሞ 18,000 ሚሊዋት ሰዓት የሚይዝ ቢሆን ከግማሽ በላይ አልቋል። ተማሪው ዘወትር ከሶኬት አጠገብ የሚሠራ ከሆነ ይህን መተው ይችላል፤ ካልሆነ ግን ባትሪ መለወጥ የሚያዋጣ ወጪ ነው። ያበጠ ባትሪ ከታየ ግን ነገሩ የምርጫ አይደለም። እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ሳይወጋና ሳይጫን ወዲያው በባለሙያ መውጣት አለበት።

ማራገቢያ ባላቸው ላፕቶፖች ውስጥ አቧራ ሲከማች ፕሮሰሰሩ ይግላል፤ እንዳይቃጠልም ራሱን ያዘገያል። ሲበራ ፈጣን ሆኖ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚዘገይ ላፕቶፕ ይህ ሕመም ሊኖርበት ይችላል። ማስጠረጉና በፕሮሰሰሩ ላይ ያለውን የሙቀት ቅባት ማሳደሱ ከማናቸውም አዲስ ዕቃ ይረክሳል።

ሸ. የማያዋጡ ወጪዎች

ራምን እናጸዳለን ወይም ኮምፒዩተሩን እናፋጥናለን የሚሉ ፕሮግራሞችን መግዛት ከንቱ ነው። ሊያደርጉ የሚችሉት ዊንዶውስ ራሱ የሚያደርገውን ነው፤ እነርሱም ራሳቸው ከራሙ ላይ ይወስዳሉ። ስክሪኑን በተሻለ ስክሪን ማስለወጥም ዋጋው ከመሣሪያው ጋራ አይመጣጠንም፤ ካልተሰበረ በስተቀር መተው ይሻላል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ግን ሥራውና መሣሪያው የማይመጣጠኑበት ጊዜ ነው። የኪነ ሕንፃ ወይም የምሕንድስና ተማሪ እንደ አውቶካድ ያለ ከባድ ፕሮግራም በሴሌሮን ላፕቶፕ ላይ ማሠራት ቢፈልግ፣ የሚያጥረው የፕሮሰሰሩና የሥዕል ክፍሉ ኀይል ነው፤ ሁለቱም አይለወጡም። ለእርሱ ዲስክና ራም መግዛት በማይበቃ ምጣድ ዙሪያ ቡሓቃ ማብዛት ነው።

ቀ. ማሻሻል ወይስ ሌላ መግዛት?

ይህን ለመወሰን ቀላል ስሌት አለ። ላፕቶፑ ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣውን ዋጋና የማሻሻያውን ወጪ መደመር፤ ድምሩንም እነዚያ ነገሮች ካሉት ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ጋራ ማስተያየት ነው። መሣሪያው ቢሸጥ 12,000 ብር የሚያወጣ፣ ማሻሻያው ደግሞ 9,000 ብር የሚፈጅ ነው እንበል። በ21,000 ብር የተሻለ ፕሮሰሰር ያለው ደኅና መሣሪያ ከተገኘ መሸጥ ይሻላል፤ ካልተገኘ ማሻሻል ይሻላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የማሻሻያውን 9,000 ብር ብቻ ቈጥሮ፣ በእጁ ያለውን መሣሪያ ዋጋ ስለሚረሳ ነው።

ስሌቱ ውስጥ የሚገባ ሌላም ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማስቀመጫና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ኮር ፕሮሰሰሮችም በጠቅላላው ከ8ኛው ትውልድ በፊት ያሉትን አይቀበልም። ለምሳሌ የወሰድነው ሴሌሮን ከተፈቀዱት ውስጥ ይገኛል። ነገር ግን በሁለተኛ እጅ ገበያ ከሚሸጡት ብዙዎቹ የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ስለ ሆኑ ከዚህ ውጭ ናቸው። ሌላ ለመግዛት የወሰነ ተማሪ በ2018 እንደ ወጡት እንደ ዴል ላቲትዩድ 7490፣ እንደ ኤች.ፒ. ኤሊትቡክ 840 ጂ 5 ወይም እንደ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ 480 ያሉትን የ8ኛ ትውልድ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ቢመለከት መልካም ነው። በሦስቱም ውስጥ ሁለት ሁለት የራም ቀዳዳ ስላለ ወደ ፊት ሊሻሻሉ ይችላሉ።

አሮጌ መሣሪያ ያለውና ሌላ መግዛት የማይችል ተማሪ ተስፋ ሊቈርጥ አይገባውም። እንደ ሊነክስ ሚንት ያለው ሥርዓት በነፃ የሚገኝ፣ በ4 ጊጋባይት ራም ደኅና አድርጎ የሚሠራ፣ የደኅንነት ማሻሻያም የሚመጣለት ነው። ከመለወጡ በፊት ግን ትምህርቱ የሚጠይቃቸው ፕሮግራሞች በሊነክስ የሚሠሩ መሆናቸውንና የአማርኛ መጻፊያው እንደ ልብ የሚሠራለት መሆኑን ከፍላሽ ዲስክ አስነሥቶ ቢሞክር ጥሩ ነው። ሙከራው በላፕቶፑ ውስጥ ያለውን ምንም ነገር አይነካም።

ማጠቃለያ

እንግዲህ የተናገርነውን በቅደም ተከተል ስናሳጥረው እንዲህ ይሆናል። አስቀድሞ ጽሑፍን ሁሉ በሁለት ቦታ ማስቀመጥ፤ ቀጥሎ መመርመርና የማያስፈልጉትን ፕሮግራሞች ማስቆም፤ አቧራውን ማስጠረግ፤ ሃርድ ዲስክ ካለው በኤስ.ኤስ.ዲ. መለወጥ፤ ራሙ የሚሞላ ከሆነ ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግ፤ እንደ አስፈላጊነቱም ባትሪውን መለወጥ። በእያንዳንዱ ደረጃ ቆሞ እንደ ገና መመርመር ያስፈልጋል፤ መሣሪያው ከበቃ የቀረውን ገንዘብ ለመጽሐፍና ለምግብ ማቈየት ይቻላልና። ፕሮሰሰሩ ብቻ የደከመ እንደ ሆነ ግን ምንም ሳይገዙ ሌላ መሣሪያ እስኪገኝ መታገሥ ይበልጣል።

በእጁ ያለው ገንዘብ ጥቂት የሆነ ሰው ከባለጸጋው የበለጠ ማወቅ አለበት። ባለጸጋው ቢሳሳት ሌላ ይገዛል፤ ተማሪው ቢሳሳት ግን የአንድ መንፈቅ ቍጠባው ይሄዳል። በየክፍላችን የኤሌክትሪክና የኮምፒዩተር ሳይንስ የሚማሩ ጓደኞች አሉ። ሱቅ ከመሄድ በፊት የሩብ ሰዓቱን ምርመራ ከእነርሱ ከአንዱ ጋራ ማድረግ፣ የተማሩትም ለሌላው ማስተማር፣ አንድ ብር የማያስወጣ ከማሻሻያዎች ሁሉ የሚቀድም ማሻሻያ ነው።